ዱቄቱን ለሌማት እንተወው



በዕረፍት ጊዜ ሞላሌ ላይ ለልጆች የእጅ ሥራ ለማስተማር ያሰቡ አባሎቻችን፣ እሳት የማይፈልግ የሸክላ አሠራር አምጥተውልናል፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ። ሐሳቡን ወደነዋል። ዱቄቱን ግን አልወደድነውም።

መንዝ ውርጭ በአንድ ሌሊት የገብስ ማሳ የሚያጠፋበት ደጋ ነው። እዚያ ሄዶ በልጆች ፊት ዱቄት አቡክቶ መጫወቻ ማድረግ ኢስራፍ ከመሆኑም በላይ ነውር ነው። ደግሞም ጨው ያለበት ሊጥ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ አይጥም ይወደዋል።

ያለ እሳት የሚደርቅ ሸክላ ለደጋ እናቶች አዲስ ነገር መሰለን እንዴ? ጎታ ምንድን ነው? ጭቃ፣ ጭድና እበት አብረው ተቦክተው፣ ዙር በዙር እየተገነባ በነፋስ የደረቀ ዕቃ ነው። ማገዶው ኩበት በሆነበት አገር አለመተኮሱ ራሱ ቁጠባ ነው።

ስለዚህ አፈሩ ይነፋ፤ ደቅቆ የተከተፈ የገብስ ጭድ ይግባበት፤ ተቦክቶ ይደር። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ከመሰንጠቅ ያድነዋል። የተሠራው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከወጣ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ይተረተራል። ውሃ ግን አይያዝበትም፤ ይሟሟል።

ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ሲያገል በኖረ አገር፣ ልጆች እጃቸውን ጭቃ ውስጥ ሲነክሩ ማየት ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። አስተማሪዋም ከእኛ አንዷ ባትሆን እንመርጣለን። ጎታ የሠሩ እናት ይጠሩልን፤ እኛ አፈሩን እንሸከማለን።