ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስትር፦ ሱሪው የቆሸሸ ልጅ ከትምህርት ገበታ አይባረርም

ይድረስ ለኢፌዴሪ ትምህርት ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሽንትና ሰገራ የሚያመልጣቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይባረሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

በዚህ ጉዳይ ከታች ጀምሬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። «ሌላ ቀን ተመለሺ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «በጀት የለም» ተብያለሁ። ታግሻለሁ፤ ትዕግሥቴ ግን አልቋል። ኦቲዝም ምን እንደሆነ ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አዘጋጅቶ ያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቁስሌ እገባለሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ በአፉ አይናገርም፣ የሚፈልገውን ግን እጄን ይዞ ያሳየኛል። እዚህ ጎባ ከተማ ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ሰገራ ስላመለጠው አስወጥቶ ደጅ አቆመው። ከውኃ ሮቶው አጠገብ ነው ያቆሙት፤ ሮቶው ባዶ ነበር። ማንም አላጠበውም፤ ማንም ሱሪ አልቀየረለትም። የእረፍት ደወል ሲደወል ልጆች ከበቡት፤ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁበት። ዘበኛው ደውሎልኝ በባጃጅ ስደርስ ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ቆሟል። ጎባን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከሰኔቲ አምባ የሚወርደው ነፋስም ደረቅ ልብስ ለለበሰ እንኳን አይራራም። ልጄ በዚያ ነፋስ ላይ እርጥብ ሱሪ ለብሶ ነው የቆመው።

በማግስቱ ማህተም የተመታበት ወረቀት ሰጡኝ። ልጁ ራሱን ችሎ መጸዳዳት እስኪጀምር ድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይመጣ ይላል። እስከ መቼ እንደሆነ አይልም። ማን እንደሚያስተምረው አይልም። ይግባኝ የት እንደሚባልም አይልም።

ክቡርነትዎ፣ ትምህርት ቤቱ አላወቀም እንዳይባል ማስረጃዬን ልዘርዝር። ልጄን ባስመዘገብኩ ጊዜ የሐኪም ወረቀት አስገብቻለሁ፤ ወረቀቱ ልጁ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት እንዳለበትና የሚያመልጠውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። በቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ሱሪ፣ ፎጣና ሳሙና ነበረው፤ መምህሯም የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ቤት ውስጥ የሚጸዳዳው አናጺ በሠራልኝ፣ መሀሉ በተቀደደ ወንበር ላይ እንደሆነ ነግሬያቸው፣ እንደዚያው ያለ ወንበር በራሴ ገንዘብ አሠርቼ ላምጣ ብያለሁ። «ለአንድ ልጅ ተብሎ አይሆንም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ለአንድ ልጅ ተብሎ ግን የማባረሪያ ወረቀት ተጽፏል፣ ማህተም ተመትቷል።

የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ። መብራት የለውም፤ በሩ መወርወሪያ የለውም፤ መርገጫው እርጥብ ነው፤ ጉድጓዱ ክፍትና ሰፊ ነው፤ ውኃ የለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹን ሽታ፣ ጨለማና ድምፅ ከእኛ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። ልጄ ያንን ጉድጓድ ሲያይ ይጮኻል። እቤቱ ወንበሩ ላይ የሚጸዳዳ ልጅ እዚያ የማይጸዳዳ ከሆነ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የቦታው ነው። እንዲያውም ያንን ቦታ ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆችም ይሸሹታል፤ ሴቶች ተማሪዎች በወር አበባቸው ሰሞን ምን እንደሚሆኑ መምህራኑን ይጠይቋቸው።

መምህሯን አልከስም። ከስልሳ የማያንሱ ልጆች ብቻቸውን ይዘዋል፤ ረዳት የላቸውም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ያሠለጠናቸው የለም። ሁሉንም ጥለው ልጄን ያጥቡ ብል ግፍ ነው። የምከሰው እሳቸውን ያለ ረዳት፣ ትምህርት ቤቱን ያለ ውኃ፣ ልጄን ያለ ትምህርት ያስቀረውን አሠራር ነው።

«ባለጌ ነው»፣ «አውቆ ነው»፣ «እናቱ አሞላቅቃው ነው» ለሚሉ፣ ሐኪሞች የሚሉትን ልጻፍ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ምግብ ይመርጣሉ። የኔ ልጅ ከነጭ ዳቦና ከድንች ሌላ አፉ አያደርስም፤ ውኃም የሚጠጣው በልመና ነው። ሆዱ ይደርቃል። ሲጸዳዳ ስለሚያመው ይይዘዋል፤ በያዘው ቁጥር ይብስ ይደርቃል። ሰገራው ሲጠራቀም የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጥና «ሽንት ቤት ሂድ» የሚለው ስሜት ይደክማል። ከላይ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ ደግሞ የተደፈነ ቱቦ በጎን እንደሚያንጠባጥብ ሁሉ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ ይወጣል። ልጁ ሲያመልጠው አይታወቀውም። ስለዚህ በዱላና በስድብ የሚድን ነገር የለም፤ የፈራ ልጅ እንዲያውም የበለጠ ይይዘዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ወይም ዱቄት፣ በቂ ውኃ፣ ምግብ በበላ ቁጥር በቋሚ ሰዓት ማስቀመጥ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ዱካ፣ ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ ሥዕል፣ ሲሳካለት ማመስገን። ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ልጁን ጥቂት ደቂቃ ካላስቀመጠው ግን እቤት የለፋሁት ሁሉ ይፈርሳል።

ወገኖቼ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናንተም ነው የጻፍኩት። ጎረቤቶቼ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከልባቸው አዝነውልኛል። «ጠበል ውሰጂው» ያሉኝ አሉ፤ «ዱዓ አስደርጊለት» ያሉኝም አሉ። ጸሎትን አልንቅም፤ ዕለት ዕለት እጸልያለሁ። ግን የደረቀ አንጀት መድኃኒት፣ ውኃና ጊዜ ይፈልጋል፤ የተባረረ ልጅ ደግሞ ፍትሕ ይፈልጋል። «እርግማን ነው» የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ ጓዳ እንዳስቀረ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያሉ ልጆች ካሉን እናቶች ብዙዎቻችን ሥራችንን ትተናል። በባሌ ክረምት የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ሌላው ሲቆሽሽ እንውላለን፤ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ቤተ እምነት ለመሄድ ልጃችን መንገድ ላይ ያመልጠዋል ብለን እንቀራለን። ይህን በአደባባይ የምናገረው ሳላፍር ነው። ማፈር ያለበት ልጅን ብርድ ላይ የሚያቆም ሰው ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ አዲስ ሕግ እንዲያወጡ እየጠየቅሁ አይደለም። ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑ፣ እነሱን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ደኅንነታቸው እንዲቀድም ያዛል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች አቅሙ በፈቀደ እንክብካቤ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ሰው በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት አይገለልም ይላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለልጄ የተሰጠው ወረቀት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይጋጫል። በአገሪቱ ሕግና በአንድ ርዕሰ መምህር ፊርማ መካከል የትኛው እንደሚበልጥ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ችግሩ የኔ ልጅ ብቻ አለመሆኑን የአዲስ አበባ ታሪክ ይመሰክራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ድረስም ለእነዚህ ልጆች ሲታገሉ ኖሩ። ከጆይ ማዕከል በኋላ ደግሞ ሌሎች ወላጆች ተሰባስበው የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት ከወላጅ ጭንቀት ነው። ከጎባ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ ላይ የሚያመልጠውን ልጅ ይዛ በአውቶቡስ ያንን ሁሉ መንገድ የምትሄድ እናት ምን እንደሚገጥማት መናገር አያስፈልግም። ለመሆኑ እያንዳንዷ እናት ማዕከል ካልከፈተች ልጇ አይማርም ማለት ነው?

መንግሥት መጸዳጃ ቤት ላይ ሥራ አልሠራም አልልም። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው እየዞረ ሽንት ቤት አስቆፍሯል፤ ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ የሆኑ ቀበሌዎችንም አስመርቋል። «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች ጥገና አዋጥቷል። ጉድጓዱ ግን ተቆጠረ እንጂ ማን ሊጠቀምበት እንደማይችል አልተጠየቀም።

እንግዲህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ለልጄ የተጻፈው ወረቀት ይሰረዝ፤ ልጄ ከነወንበሩ ወደ ክፍሉ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ከቅድመ አንደኛ ጀምሮ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሽንት ወይም ሰገራ ያመልጠዋል ብሎ ልጅ እንዳይመልስና እንዳያባርር ለየክልሉ ትምህርት ቢሮ በደብዳቤ ይታዘዝ። የሚጥስ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ መብራት፣ መወርወሪያ፣ ውኃና መቀመጫ ያለው ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ክፍል ይኑር። ይህ ሳይሟላ ትምህርት ቤት ደረጃውን አሟልቷል አይባል።

አራተኛ፣ እንደዚህ ያሉ ልጆች ላሉባቸው ክፍሎች ረዳት ይቀጠር። እንደ ሮቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ባሉ ማሠልጠኛዎች ከዚህ በኋላ የሚሠለጥን መምህር ሁሉ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አያያዝ ተምሮ ይውጣ።

አምስተኛ፣ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና አዲስ አበባ ላይ የተሞከረው የወላጆች የአያያዝ ሥልጠና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት ወደ ክልል ይውረድ። እንደ ጎባ ሪፈራል ባሉ ሆስፒታሎች የልጆችን እድገት የሚከታተል ክፍል ይኑር፤ የሰገራ ማለስለሻ መድኃኒትም ከጤና ጣቢያ አይጥፋ።

ስድስተኛ፣ ለወር አበባ መጠበቂያ የጉምሩክ ቀረጥ እንደተቀነሰ ሁሉ ለትልልቅ ልጆች ለሚሆን ዳይፐርም ይቀነስ።

ሰባተኛ፣ በየዓመቱ በሚወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ ውስጥ በዚህ ምክንያት ከትምህርት የቀሩ ልጆች ለብቻቸው ይቆጠሩ። ካልተቆጠሩ በጀት ሲመደብ ማን ያስታውሳቸዋል?

ስምንተኛ፣ ልጆቻችንን ለመጠበቅ ሥራ የለቀቅን እናቶች በሴፍቲኔትና በመሰል ድጋፎች እንካተት።

ክቡርነትዎ፣ በአንድ ሱሪ ጀምሬ ይህን ሁሉ መጠየቄ ቢበዛብዎ፣ ሱሪው ከእነዚህ ሁሉ በአንዱ እንኳን መታጠብ ይችል እንደነበር ያስቡልኝ። ውኃ ቢኖር፣ ረዳት ቢኖር፣ መቀመጫ ቢኖር፣ መድኃኒቱ ቢገኝ፣ ወይም ሕጉን የሚያስታውስ አንድ ኃላፊ ቢኖር ልጄ ብርድ ላይ አይቆምም ነበር።

እናንተ አንባቢዎችም በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ወላጆቹን ቀርባችሁ ጠይቁ። ተባርሮ ከሆነ አብራችኋቸው ትምህርት ቤት ድረስ ሂዱ። በወላጅ መምህር ህብረት ስብሰባ ላይ የሽንት ቤቱን ጉዳይ አንሱ፤ ልጆቻችሁም በማንም ልጅ ላይ አፍንጫ እንዳይዙ ምከሩ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትጮኽ «ታማለች» ይባላል፤ ሰፈሩ ሲጮኽ ግን መልስ ይመጣል።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ልጄ ቤት ነው፤ እኩዮቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። መልስዎን በጽሑፍ፣ በቀን ተወስኖ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የልጁ እናት
ጎባ፣ ባሌ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ልጁ ከትምህርት ቤት ለተባረረበት ወላጅ ሁሉ