ሄቪ ሜታል በንፋስ መውጫ፦ ከካርቶናችን የተመረጡ

ሮክ እንሰማለን ስንል ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንደኛው «የሰይጣን ዘፈን!» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እናንተ ልጆች፣ ጋይንት ተቀምጣችሁ የፈረንጅ ጩኸት ምን ይሠራላችኋል?» ይላል። ለሁለቱም መልስ አለን፤ መልሱ ያለው አንድ ካርቶን ውስጥ ነው። ግማሹ ካሴት፣ ግማሹ ሲዲ፣ ከባሕር ዳርና ከመርካቶ የተለቃቀመ፣ ብዙው ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ቅጂ ነው። ሦስት ሆነን ያጠራቀምነው ስለሆነ የትኛው የማን እንደሆነ መከራከር ትተናል።

(«ዛሬ ደግሞ ማን ካሴት ይሰማል?» ለምትሉ፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ሙዚቃው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። እኛ ካርቶናችን ነበረን። ሚሞሪ ካርድ የሚሞሉት ሱቆችም ነበሩ፤ እነሱ ጋ ሄዶ ሜታል መጠየቅ ግን ሥጋ ቤት ገብቶ ሽሮ እንደማዘዝ ነው።)

ከሰይጣኑ እንጀምር። የብላክ ሳባዝ «ፓራኖይድ» በ1970 ወጣ። (የአልበሞቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንጽፈው።) ስማቸውን ከአስፈሪ ፊልም ርዕስ የወሰዱ አራት የበርሚንግሃም የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በነዚያው ጣቶች ነበር። ሰውዬው ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ። በኋላም እንዳይከብደው ክሩን አላላው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወፍራል። እንግዲህ ሄቪ ሜታልን «ሄቪ» ያደረገው ነገር አንዱ ምንጩ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ሰይጣን በየት በኩል እንደገባ አላየንም።

የአልበሙ መክፈቻ «ዋር ፒግስ» ነው። አልበሙ ራሱ በዚህ ስም ሊወጣ ነበር፤ አሳታሚው ነው ያስቀየረው። ዘፈኑ ጦርነት አውጀው የማይዘምቱትን ይከሳል፤ ድሃውን ወደ ሞት እየላኩ እነሱ ተሸሽገው ይቀመጣሉ ይላል። በመጨረሻ የፍርድ ቀን ይመጣል፤ ጦረኞቹ ተንበርክከው ምሕረት ይለምናሉ። አዎ፣ ሰይጣን እዚያ ላይ አለ፤ የሚስቀው ግን በነሱ ነው። ነገሩን ባማርኛ ተርጉመን ብንነግራቸው «አሜን!» የሚሉ እናቶች ሰፈራችን ሞልተዋል። ካርቶኑ እሳት ቢነሳበትና አንድ ብቻ አውጡ ብንባል የምናወጣው ይህን ነው። በዚህ ሦስታችንም እንስማማለን፣ ይህም ብርቅ ነው።

«የፈረንጅ ጩኸት» ለሚሉት ደግሞ ጌታቸው መኩሪያን እንጠራለን። በ1972 በፊሊፕስ የታተመው ሸክላው በ2003 የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቅጽ ሆኖ በሲዲ ወጣ፤ እኛ ጋ ያለው የሱ ቅጂ ነው። የጌታቸው ሳክስፎን ይሸልላል፣ ይፎክራል። ቀረርቶን ከአርበኛ ጉሮሮ አውጥቶ ናስ ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ እሪ ይላል። ዘ ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ ፓንኮች ሲሰሙት የራሳቸውን ነገር እንደሰሙ ገባቸው፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረውት አወጡ። ጌታቸው ያኔ ሰባን አልፎት ነበር። በ2016 ዐረፈ። «ሞአ አንበሳ»ን ከፍ አድርጋችሁ ክፈቱትና የትኛው ጩኸት የፈረንጅ፣ የትኛው የሀገር ቤት እንደሆነ ለዩልን። ሠርግ ቤት የአዝማሪ ማሲንቆ በተቀደደ ሞንታርቦ ሲንጫረር ሰምቶ ያደገ የጋይንት ልጅ ዲስቶርሽን አይገርመውም።

እዚህ ድረስ ክርክሩ ቀላል ነበር። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሽለላ ደም ያሞቃል፤ የተፈጠረውም ለዚያ ነው። ጀግናው አለ፣ ጠላት አለ፣ አገር አለ፣ ዘር ማንዘር ይቆጠራል። እግሩን ያጣው ሰውዬ ግን እዚያ ውስጥ የለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። የዚያን ጊዜውን እዚህ አንተርክም፤ የከተማችን ሴቶች የደረሰባቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረው በዚያው የፈረንጅ ዓመት ኖቬምበር ላይ ታትሟል። ያ ሳይጠገን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ጦርነት መጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሽለላ በሞንታርቦ ሲለቀቅ እንደ ድሮው ተነስቶ ትከሻ መስበቅ አልሆነልንም። እንወደዋለን፣ የአባቶቻችን ነው፣ ግን ማን ወዴት እየተላከበት እንደሆነ ማሰብ ጀመርን።

«ሙሾ አለ አይደል?» ትሉን ይሆናል። አለ። የሞተውን በስሙ ጠርቶ፣ ቁመናውን ዘርዝሮ የሚያስለቅስ ሙሾ አለን። ነገር ግን ሽለላው አደባባይ ሲወጣ ሙሾው ለቅሶ ቤት ይቀራል። እኛ በሜታል ያገኘነው ሙሾውን ከነሽለላው ጉልበት አደባባይ ያወጣ ሙዚቃ ነው።

ማስረጃችን የሜታሊካ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» (1988) ነው። እዚያ ላይ ያለው «ዋን» የተነሣው ዳልተን ትራምቦ በ1939 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጁን፣ እግሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና ምላሱን ያጣ፣ አእምሮው ግን የነቃ ወታደር። ዘፈኑ በቀስታ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ከበሮው እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ተቺዎች አልበሙ ላይ ቤዝ አይሰማም ብለው እስከ ዛሬ ያማርራሉ። እውነት ነው፣ የጄሰን ኒውስተድ ቤዝ ተቀብሯል። በኛ ቴፕ ግን የማንም ቤዝ ተሰምቶ ስለማያውቅ ቅሬታ የለንም።

የተጣላነው በአይረን ሜይደን «ፒስ ኦፍ ማይንድ» (1983) ነው። «ዘ ትሩፐር» በ1854 በክራይሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ፣ በሩሲያ መድፍ ፊት ስለጋለበ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ይናገራል። ጉዳዩ የሩቅ አይምሰላችሁ። ያኔ የተከበበችው ከተማ ሴቫስቶፖል ናት፤ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በሷ ስም ነው «ሴባስቶፖል» ያሉት። በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ከባድ ብረት ማለት እሱ ነው! ባገራችን ያለፈው የመጀመሪያው ሄቪ ሜታል።

ወደ ዘፈኑ ስንመለስ፦ ወታደሩ ይሞታል፣ ብቻውን ይሞታል፣ ግጥሙ ይህን አይደብቅም። ጊታሩ ግን እንደ ፈረስ ይጋልባልና አብሮ መጋለብ ያሰኛል። ከሦስታችን ሁለቱ «ይህ ሽለላ ነው፣ ሞቱን አስጊጦ ይሸጣል» ይላሉ። አንዱ «ሙዚቃው ካላስጋለበህ መውደቁ እንዴት ያምሃል?» ባይ ነው። አልተፈታም። ካሴቱን ለጊዜው የወሰደው አንዱ ነው።

ያገር ልጆችን አልረሳንም። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ሲወጣ «በአማርኛ ሮክ አይሆንም» ይሉ የነበሩትን አፍ አስያዘ። ቅኝታችን ከሚያገሳ ጊታር ጋር እንደሚጋባ አሳየ፤ ለዚህ ብቻ ባለውለታችን ነው። ለኛ ጆሮ ግን ከሚገባው በላይ ተወልውሏል። እሳተ ገሞራ የሚል ስም ይዞ እጁን ታጥቦ የሚመጣ አልበም ነው። የ2018ቱ «ለራስህ ነው» ላይም ያንኑ ጥያቄ አንሥተናል። ሻካራውን ለሚፈልግ ከድምፃዊ አስናቀ ገብረየስ ጋር የሚጫወቱት የፈረንሳዮቹ ኡካንዳንዝ «ይቻላል» (2012) ይሻላል፤ ዘፈኑ የምናውቀው፣ ጭካኔው አዲስ። የምንጠብቀው አልበም ግን ገና አልተሠራም፦ ከዘመቻ የተመለሰ ልጅ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፁ፣ ሳይፎክር የሚጮህበት። የሠራ ካለ ሰዓቱ ምንም ይሁን በራችንን ያንኳኳ።

እስከዚያው ልውውጥ፦ «ፓራኖይድ» ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱን እንለቃለን። በምትኩ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን እንፈልጋለን፤ የኛን ቴፑ በልቶታል። በእስክሪብቶ ተጠምጥሞ የዳነ ካሴትም እንቀበላለን።