አንዲት የሞተች ነጥብ፦ ጉድለትን መደበቅ ወይስ መመዝገብ?

አዲስ የኮምፒውተር ስክሪን የገዛ ሰው በነጩ ገጽ መካከል አንዲት ጥቁር ነጥብ ሲያይ በመጀመሪያ አቧራ መስላው በጨርቅ ይጠርጋታል። አልለቅ ስትለው በጣቱ ይጫናታል፤ በመጨረሻም «ተታለልሁ» ብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ሻጩም «ይህ የተለመደ ነው» በማለት ይሸኘዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የጎደላቸው ጉድለቱን አስቀድሞ መመርመርና በግልጽ መነጋገር ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። በኤል.ሲ.ዲ ስክሪን ላይ የምናየው ምስል ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተገነባ ነው። በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ፒክስሎች የተደረደሩበት ስክሪን በጠቅላላው 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሆኑ ሦስት ንዑስ ፒክስሎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ንዑስ ፒክስል ደግሞ ከበስተኋላ በሚመጣው ብርሃን ፊት ያለውን ፈሳሽ ክሪስታል የሚያዝ የራሱ ትራንዚስተር አለው። ስለዚህ በአንድ ስክሪን ውስጥ ከ6.2 ሚሊዮን በላይ ትራንዚስተሮች ይገኛሉ። አምራቹ ከሚሊዮኑ አንዱን ብቻ ቢስት እንኳ ስድስት ያህል ጉድለቶች ይቀራሉ ማለት ነው።

ይህን በመገንዘብ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው አይ.ኤስ.ኦ 13406-2 ስክሪኖችን በአራት መደብ ከፍሏቸው ነበር። አንደኛው መደብ ምንም ጉድለት አይፈቅድም። ሁለተኛው ግን በአንድ ሚሊዮን ፒክስሎች ውስጥ ሁለት ዘወትር የሚያበሩ፣ ሁለት ዘወትር የጨለሙ፣ እንዲሁም አምስት የንዑስ ፒክስል ጉድለቶችን ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአይ.ኤስ.ኦ 9241 ተከታታይ ደረጃዎች ተተክቷል። እንግዲህ የሻጩ ቃል ሐሰት አይደለም። ሆኖም ስንት ነጥብ ሲበላሽ ስክሪኑን እንደሚለውጥ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።

ገዢውም የራሱ ድርሻ አለው። ከመክፈሉ በፊት ስክሪኑን በሙሉ በተራ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ይመርምረው። በአንድ ቀለም ደርቃ የቀረች ነጥብ ቀለማትን በፍጥነት በሚያፈራርቅ ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ ትመለሳለች። ዘወትር የጨለመችው፣ «የሞተች» የምትባለው፣ ግን ብዙውን ጊዜ ተስፋ የላትም። በጣት መጫን ጤነኞቹን ጎረቤቶቿን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም።

«አንዲት ነጥብ ምን ታመጣለች?» የሚል አይጠፋም። በደቃቅ ፊደል በተጻፈ ሠንጠረዥ ውስጥ በሁለት አኃዞች መካከል ብትወድቅ 25ን 2.5 ልታስመስል ትችላለች። በማይክሮስኮፕ ምስል ላይም የሌለ ነገር እንዳለ ልታሳይ ትችላለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ማንቀሳቀስ። ነጥቧ ከምስሉ ጋር ከሄደች የምስሉ ናት፤ ባለችበት ከቀረች የስክሪኑ ናት።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው የሐብል ቴሌስኮፕ ካሜራዎች በጠፈር ጨረር ምክንያት የተበላሹ ፒክስሎች ያፈራሉ። ባለሙያዎቹ ካሜራዎቹን በየጊዜው በማሞቅ ከፊሎቹን ይፈውሳሉ፤ ያልዳኑትን ደግሞ መዝግበው በምስሉ ትንተና ወቅት ይለዩአቸዋል። መሣሪያው ጉድለት ስላለበት አልተጣለም፤ ጉድለቱም አልተደበቀም።

በትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎችም ይኸው ልማድ ቢሆን መልካም ነው። ነጥብ የሞተበት ስክሪን የግድ አይወገድ፤ ነገር ግን ጉድለቱ የት እንዳለ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ይለጠፍ። ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ የመሣሪያውን ስሕተት ከተፈጥሮ እውነታ ጋር እንዳያደባልቅ ይህን ያህል ልናግዘው ይገባል።