ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ በይፋ ተጀመረ። ዕቅዱ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ ዘይት ማጣራት ነው። ጭብጨባው አልፏል፤ አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው።

እኛ የፋብሪካ ጠላቶች አይደለንም። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ አገራችን የተጣራ ነዳጅ ከውጭ እየገዛች መኖሯን እናውቃለን። የምንጠይቀው ትርፉን ማን እንደሚበላው፣ ጭሱን ማን እንደሚተነፍሰው ነው።

ድፍድፍ ዘይት ከመጣራቱ በፊት ጨው እንዲለቅ በውሃ ይታጠባል። እጣቢው ዘይትና ፌኖል ይዞ ይወጣል። በዘይቱ ያለው ድኝ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይሆናል፤ ቤንዞል የሚባለው ተን ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል።

ጎዴ የዋቢ ሸበሌ ዳር ከተማ ናት። ከርሷ በታች ቀላፎና ሙስታሂል አሉ፤ ከዚያም ወንዙ ወደ ሶማልያ ይሻገራል። ግመሉም ልጁም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ታዲያ እጣቢው ወዴት ይሄዳል? በድርቅ ዓመት ወንዙ ሲሳሳስ ማን ይቅደም? ማጣሪያው ወይስ ከብቱ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕጉ ተጽፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ አሳቡን የመግለጥ መብት ሰጥቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299ም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሥራው እንዲቀድም፣ ጥናቱም ለሕዝብ እንዲገለጥ ደነገገ። ነገር ግን የሚመርቀውም መንግሥት፣ የሚገመግመውም መንግሥት ሲሆን፣ ገምጋሚው «አይሆንም» የሚልበትን አንጀት ከየት ያመጣል? ድፍረቱን የሚሰጠው የሕዝብ ዓይን ብቻ ነው። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚነበብ ግምገማ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው፤

1ኛ/ የተጽዕኖ ጥናቱ አንድ ገጽ ሳይጎድል ታትሞ ይውጣ።

2ኛ/ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል በሶማሊኛ ይነበብ፤ አርብቶ አደሩም ገበሬውም ይናገርበት፤ የተናገረውም ይጻፍ።

3ኛ/ ማጣሪያው ሥራ ሳይጀምር የወንዙ ውሃና የከተማው አየር ተለክቶ ይመዝገብ። ዛሬ ያልተለካ ነገ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይባላል።

የኬሚስትሪ፣ የሕግና የጤና ተማሪዎች ሆይ! ጥናቱን አንብቦ ለባለ ግመሉ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የኛ ፋንታ ነው። ለፈተና ብቻ የምንማር ከሆነ፣ ያስተማረን ሕዝብ ዕዳውን በከንቱ ከፍሏል።