ዝገት ላይ ካትራሜ አትደርቡ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ስለ መኪና ሆድ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ከወልድያ መርሳ እየወረድኩ የአጎቴ ላንድሮቨር ሥር ተጋድሜ ነው የምውለው። ባለቤቴ "ይህን ልብስ እዚያው ጥለኸው ና" ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ካትራሜ በኦሞ አይለቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ መኪናዋን ሊሸጧት ነው። ሊገዛት የመጣው ልጅ ደግሞ ከጊራና ማንጎና ብርቱካን ሊያመላልስባት፣ አልፎ አልፎም ሰው ሊጭንባት ያሰበ ነው። መካኒኩ ታዲያ "አብሽር! ሥሯን አንድ ጊዜ ካትራሜ ካለበስናት አዲስ ነው የምትመስለው" አላቸው። እኔ "ከአሮጌው ካትራሜ ሥር ምን እንዳለ ታይቷል ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ምን ይኖራል? ብረት ነዋ!" አለኝ። ጠቡ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ሦስቱን የሚስማር ቱቦዎች ታስታውሳላችሁ መቼም። አንዱ ደረቅ አየር ያለበት፣ አንዱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሆኖ ላዩ ላይ ዘይት ያለበት፣ አንዱ ተራ ውሃና አየር። የዛገው ሦስተኛው ብቻ ነበር። የካትራሜ ሥራ እንደዚያ ዘይት ነው፤ አየርና ውሃ እንዳይገባ መክደን። ግን ዘይቱን ከማፍሰሳችን በፊት ውሃውን ያፈላነው ለምን ነበር? ውስጡ ያለው አየር እንዲወጣ! ዝገትና እርጥበት የያዘ ብረት ላይ ካትራሜ መቀባት ጠላትን ቤት ውስጥ አስገብቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው። ካትራሜው ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ካትራሜውን ከብረቱ ያላቅቀዋል። ከውጭ ስታዩት ግን ያው ጥቁር ነው።

ላንድሮቨር ላይ ይህ ነገር ይብሳል። መኪናዋ በ1948 እ.ኤ.አ. ስትወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት የብረት እጥረት ስለነበረባት አካሏን በአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ጠፍጣፋ ብረቶች ተበይደው እንደ ሳጥን የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ። ወንዝ ስትሻገር በየቀዳዳው ጭቃ ይገባበታል፣ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ በሩና ኮፈኑ እያብረቀረቀ ሻንሲው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ሰው ደግሞ ላንድሮቨር ሲገዛ በሩን እያንኳኳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፈረንጆቹ አገር ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበትኑ የመኪና ሥር መሸፈን ግድ ይሆንባቸዋል። እኛ ጋ ጨው የሚያገኘው ከአፍዴራ ጨው የሚጭን መኪና ነው፤ ለሌላው ጠላቱ ጭቃ ነው። ጭቃውን በየጊዜው ማጠብ ከሁለት ጣሳ ካትራሜ ይሻላል።

እንግዲህ አጎቴን ለምኜ መቧጠጥ ጀመርን። መጀመሪያ ቀን ሞኝ ሆንኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ በመርሳ ሙቀት፣ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ ገባሁበት። ካትራሜው እንደ ማስቲካ ለስልሶ ብሩሹን ሞላው፣ የቀረው ፊቴ ላይ ተረጨ። መነጽር ባላደርግ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። መካኒኩ "በእሳት እናቅልጠው" አለ። እምቢ አልኩ፤ የዚህች መኪና የነዳጅ ታንከር ከፊት ወንበሩ ሥር ነው፣ የፍሬን ጎማዎቹም እዚያው ናቸው።

የገባኝ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሌሊቱን ወርጄ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ ጀመርን። የቀዘቀዘ ካትራሜ ተሰባሪ ነው። መሮ አስጠግታችሁ በመዶሻ ቀስ ስትሉት እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይረግፋል። ውጭ አገር በደረቅ በረዶ እያቀዘቀዙ የሚያስለቅቁ አሉ፤ እኛ ጋ የታኅሣሥ ጠዋት በነፃ ይሠራዋል። ሦስት ሰዓት ሲሆን አቆምን። ጥግ ጥግ የቀረውን በላምባ ያራሰ ጨርቅ ሸፍነን አቆየነውና በስፓቱላ ተነሳ። ቤንዚን ግን እንዳትሞክሩ! መኪናዋንም በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥሯ አትግቡ፤ እኛ አራት ወፍራም ግንድ ደግፈናል።

ጠንክሮ የያዘውን አልነካንም። መሮው ሥር የማይነሳ ካትራሜ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ተዉት።

ከዚያ መዶሻውን ይዤ ሻንሲውን እየመታሁ አዳመጥኩ። ደህናው ብረት ይጮሃል፣ የተበላው ዱብ ይላል። ከኋላ በግራ በኩል፣ ባሌስትራው የሚያያዝበት አካባቢ ድምፁ ጠፋ። በመሮ ጫፍ ስነካው ገባ። እጄ መዳፍ የሚያህል ቦታ የያዘው ካትራሜ ብቻ ነበር! አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩና ዝም አሉ። ቆይተው "አንተ ባትቧጥጠው ይዞ ይቆይ ነበር" አሉኝ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስካሁን አላወቅኩም።

ይህን ያህል ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። መኪና ሊሸጥ ሲል ወይም ቦሎ ሲደርስ ሥሩን ማጥቆር እንደ ጽዳት እየተቆጠረ ነው። አዲስ ጥቁር ያየ ገዢ ይደሰታል። እኔ ግን እላለሁ፣ ዝገት የሚታይበት ሻንሲ ከትናንት ካትራሜ ይታመናል፤ ቢያንስ ምን እንደምትገዙ ታያላችሁ። አሮጌ መኪና ደግሞ ገና ብዙ ጊዜ አብሮን ይኖራል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችው ላንድሮቨር ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ በየእጁም አንድ ድርብ ካትራሜ ይጨመርባታል። የመጨረሻው ሰው ጊራና ወንዝ ውስጥ ባሌስትራው ሲነቀልበት ማንን ይጠይቃል?

ልጁ መጥቶ ቀዳዳውን አይቷል። አልሸሸም፤ ከዋጋው ተቀንሶለት በያጁን ራሱ ሊያመጣ ተስማምተዋል። አጎቴ በቅናሹ አኩርፈው ሁለት ቀን ቡና አልጠሩኝም፣ አሁን ታርቀናል። የቀኝ በኩሉ ገና ግማሹ ይቀራል። ጠርገን አንቲረስት የቀባነው እንዳለ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ በያጁ ሳይጨርስ ጥቁር እንዳይነካው ተባብለናል። ወፍራም ላሜራ ቁራጭ ያላችሁ የመርሳ ልጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ በጠዋቱ እዚያው ነኝ።