«ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ስለ መጠየቅ

አሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ እዚህ የደረሰ ተማሪ የተጠየቃቸውን ጥያቄዎች ልቍጠር ቢል ቍጥሩ ከብዙ ሺሕ ይበልጣል። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ የጠየቃቸው ስንት ይሆናሉ? ብዙዎቻችን በአንድ እጅ ጣቶች ቈጥረን የምንጨርሳቸው ይመስለኛል። መምህሩ ይጠይቃል፤ መልሱ በደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ተማሪው የመምህሩን ፊት እያየ ይገምታል። ዛሬ ልጽፍበት ያሰብኩት ጕዳይ ስለ አንድ ጨዋታ ቢሆንም መነሻው ይኸው ነው።

ጨዋታው የሚና ጨዋታ ይባላል። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። መሪው ያሉበትን ቦታና የገጠማቸውን ነገር ይነግራቸውና «እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እነርሱ ይመክራሉ፥ ይወስናሉ። የውሳኔያቸው ውጤት አጠራጣሪ የሆነ እንደ ሆነ ዳይስ ይጣላል፤ መሪውም የሆነውን ይናገርና እንደ ገና ይጠይቃል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ነገሩ እልባት ሲያገኝ ጨዋታው ያልቃል።

ይህን ጨዋታ ለጀማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመራ ሰው ከሁሉ በፊት ሊይዘው የሚገባው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም መልሱን ሳይዙ መጠየቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እንዲህ አድርገው መጠየቅ የሚችሉ ሰዎችን ማፍራትም ለተማሪዎች ኅብረት የማይገባ ቀላል ሥራ አይደለም እላለሁ።

የጨዋታው ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1824 መኰንኖች በካርታ ላይ ጦርነት የሚለማመዱበትን ጨዋታ ደንብ አሳተመ። በጨዋታው ላይ ዳኛ ነበረበት። ደንቡ ግን ብዙና አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው ሌላ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1876 አብዛኛውን ደንብ ትቶ ነገሩን ልምድ ላለው ዳኛ ፍርድ እንዲተው አሳሰበ። ከዚያም ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቈይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1969፥ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት «ብራውንስታይን» የሚባል ጨዋታ አዘጋጀ። ቦታው በናፖሊዮን ዘመን ያለች አንዲት ልብ ወለድ የጀርመን ከተማ ነበረች። ዌስሊ ሚና የሰጠው ለጦር አዛዦች ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሰዎችም ጭምር ነበር። ተጫዋቾቹ ግን እርሱ ካሰበላቸው መንገድ ወጥተው፥ በየጥጉ እየተጠራሩ መዋዋልና መዶለት ያዙ። ዌስሊ ጨዋታው የተበላሸ መሰለው፤ እነርሱ ግን ድገምልን አሉት።

ከዚያ ቡድን አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ይህንኑ አሳብ ይዞ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡ። መጀመሪያ የታተመው 1000 ቅጂ ብቻ ሲሆን በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ሚሊዮኖች የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ የተገኘው እንግዲህ መሪው ባሰበው መንገድ አልሄድ ካለ አንድ ምሽት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምራት የተነሣ ሰው ይህን ቢያስታውስ ብዙ ፍርሃት ይቀርለታል።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ሣጥኑ ከዚያ መጣ። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ያላደገ ማን ነው? መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ላይ ጌታ ሆኖ ይናገራል። ሕፃናት በጓሮ እቃ እቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፥ አንዱ እንግዳ ይሆናሉ። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎቹ በሕዝብ ፊት ቆመው በቃል ጥበብ ይፋለሙ ነበር። በወላይታም ሽማግሎች ሕዝብ በተሰበሰበበት በዱቡሻ ነገር ሰምተው ይመክራሉ። ጎበዝ መሪ ለመሆን የሚያስፈልገው ጆሮና ትዕግሥት በነዚህ ሁሉ ውስጥ አለ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ገሱባ በነበርኩ ጊዜ ይህንኑ ለመሞከር አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአንድ በረንዳ ላይ ሰብስቤ ነበር። ገሱባን ለማታውቋት፥ ከሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ በኦፋ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ያገኘሁትን ትምህርት ለሌላው ጀማሪ መሪ ይጠቅም እንደ ሆነ እነሆ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፥ ታሪኩ ተጫዋቾቹ ከሚያውቁት ኑሮ ይቀዳ። ዘንዶና የፈረንጅ ግንብ የፊልም ያህል ደስ ሊሉ ይችላሉ፤ ጀማሪ ግን ግንብ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል ስለማያውቅ ዝም ይላል። እኔ የመረጥኩት ታሪክ አጭር ነበር፤ በገበያ ዋዜማ ሌሊት የአንድ ገበሬ በሬ ጠፋ፤ ዝናብ ዱካውን አጥቦታል፤ ጎረቤት ጎረቤትን መጠርጠር ጀምሯል። ሚናዎቹም የበሬው ባለቤት፥ እረኛው፥ የእንሰት ነጋዴዋ፥ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ ወጣትና የሽማግሎች መልእክተኛ ነበሩ። በሬ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ሁለተኛ፥ ደንቡ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ይሁን። ባለስድስት ገጹ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። አንድ ወይም ሁለት ሲወጣ ነገሩ አይሳካም፤ ሦስት ወይም አራት ሲወጣ ይሳካል፥ ነገር ግን አንድ ነገር ያስከፍላል፤ አምስት ወይም ስድስት ሲወጣ እንደ ታሰበው ይሆናል። ዳይሱም የሚጣለው ነገሩ በእውነት አጠራጣሪ ሲሆን ብቻ ነው። በር ለመክፈት ዕጣ የሚያስጥል መሪ ተጫዋቾቹን ያሰለቻቸዋል። የወጣውንም ቍጥር ማክበር ያስፈልጋል፤ መሪው ያልወደደውን ቍጥር ከደበቀ ተጫዋቾቹ የሚፈልጉት እንደ ገና የእርሱን ፊት ነው።

ሦስተኛ፥ ጨዋታው ሰዎቹ በሚያልሙበት ቋንቋ ይካሄድ። እኛ በወላይትኛ ተጫወትን። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ለማገናኘት የሚጨነቅ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከር መስማት ነገሩን ያስረዳል። በወላይታ ደግሞ የቋንቋ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ከወላይታ፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ ኋላ እንዲቀር መደረጉ ይታወሳል።

አራተኛ፥ ዝምታን መፍራት አይገባም። በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች እጅግ ረጅም ነበሩ። «ምን ታደርጋላችሁ?» ባልኩ ቍጥር አምስቱም የሚያዩት እኔን ነበር። እረኛውን የያዘው ልጅ በመጨረሻ «ጋሼ፥ ትክክለኛው የትኛው ነው?» አለኝ። «እኔም አላውቅም፤ በሬውን ማን እንደ ወሰደው ገና አልተወሰነም» አልኩት። ሳቁ። ካልተወሰነ ታዲያ ፍለጋው ምን ይረባል ብለው ተከራከሩኝ፤ ክርክሩም ራሱ ዝምታውን ሰበረው። ጥቂት ቈይቶ ነጋዴዋን የያዘችው ልጅ ሌሎቹ ወደ ወንዙ እንሂድ ሲሉ እርሷ አልሄድም አለች። «ሌሊት ሕፃን ታሞባት ያደረች ጎረቤት ትኖራለች፤ እርሷ ሳትተኛ ስላደረች የሰማችው ነገር አይጠፋም፤ ቡና ይዤ እጠይቃታለሁ» አለች። በያዝኩት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለች ጎረቤት አልነበረችም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ኖረች፤ የነገሩም ቍልፍ በእርሷ እጅ ሆነ።

መሪው መልሱን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ ይህች ልጅ «ተሳስተሻል፥ ወደ ወንዙ ሂጂ» ትባል ነበር። በክፍላችን ውስጥ በየቀኑ ስንት እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ሳይወለዱ እንደሚቀሩ አስቡት።

አምስተኛ፥ ጀማሪን ማሰልቸት አይገባም። ሁለት ሰዓት ይበቃል። በሬው ተገኘም አልተገኘም፥ ነገሩ ለሽማግሎች ቀርቦ አንድ እልባት ያግኝና ሁሉም የሆነውን እየተሳሳቀ ይለያይ። የቀረውን በሌላ ቀን መጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። አንዳንድ ወንድሞች ዳይስ ቁማር ነው ይላሉ። አሳባቸውን አከብራለሁ፤ ቁማር ስንት ቤት እንዳፈረሰ አይተናልና። ነገር ግን ገንዘብ ያልተያዘበት ዕጣ ቁማር ሊባል አይችልም። እናቶቻችን የእቁብ ዕጣ ያወጣሉ፤ ሐዋርያው ማትያስም የተመረጠው በዕጣ መሆኑ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ዳይሱ ለማንም መሰናክል የሚሆን ከሆነ ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈባቸው ስድስት ወረቀቶች በባርኔጣ ውስጥ ተጠቅልለው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ጨዋታው ከርኵሳን መናፍስት ጋር ያገናኛል የሚል ክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካም ብዙ ተሰምቶ ነበር። የጠፋ በሬ የሚፈልጉ አምስት ልጆችን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ፍርሃቱ ይለቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች ደግሞ «አገር በችግር ላይ ሳለች ጨዋታ ምንድን ነው?» ይላሉ። ይህ ከፊተኛው የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። የምመልሰውም በጥያቄ ነው፤ የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት ዳኛና ጠበቃ ሆነው ሲከራከሩ ጊዜ አባከኑ የሚላቸው አለን? የለም፤ ነገ በእውነተኛው ችሎት እንዳይደናገሩ ዛሬ ይለማመዳሉ እንላለን። ታዲያ ነገ አስተማሪ፥ የእርሻ ባለሙያ፥ የጤና መኰንን ወይም የወረዳ ሹም ለሚሆነው ሁሉ መለማመጃው የት ነው? አብዛኞቻችን ከሕዝብ ፊት ቆመን መናገርን እንጂ ሕዝብን ጠይቀን የሚመልሰውን መቀበልን አልተማርንም። ገበሬውን ሰብስቦ «አስተያየታችሁ ምንድን ነው?» ካለ በኋላ አስቀድሞ የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ የሚያስፈርም ሹም ሁላችንም እናውቃለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ይህ ጠባይ በሹመት ቀን ድንገት አይታረምም። ቀደም ብሎ፥ ስሕተት ማንንም በማይጐዳበት ቦታ፥ መለማመድን ይጠይቃል።

ጨዋታው ሁሉን ያስተካክላል ማለቴ አይደለም። አፈኛው ዝምተኛውን የሚውጥበት፥ መሪውም የራሱን ታሪክ ብቻ የሚያወራበት ጊዜ ይኖራል። ቢሆንም በአምስት ሰዎች መካከል ያለ ጥፋት ወዲያው ይታያል፤ የተከፋው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣምና።

ስለዚህ ለኅብረታችን የሥራ አስፈጻሚ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ይፈቀድልን። ደንቡ፥ የሚናዎቹ ዝርዝርና አንድ አጭር ታሪክ በአንድ ስቴንስል ላይ ተጽፈው ይህ ጋዜጣ በሚባዛበት መኪና ይባዙ፤ ወጪው ከጥቂት ወረቀት አያልፍም። በአንድ ቅዳሜ የተጫወተ በሚቀጥለው ይምራ፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው የዘለዓለም መሪ ሆኖ አይቀመጥም። ክረምት ሲመጣም ወደየአገሩ የሚሄደው ተማሪ ያችን አንድ ወረቀት በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ የገሱባው የበሬ ታሪክ ለሌላው አገር ባይስማማ የየአገሩን ነገር ይጻፍበት።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት እጋብዛለሁ። ጥሪው ግን ለመምራት አይደለም፤ ሚና ይዘው ከእኛ ጋር እንዲቀመጡና አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «እርስዎስ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው እንዲመልሱ ነው። ተማሪው መልሱን እንደማያውቀው አስቀድሜ አረጋግጣለሁ።