ዳር የቆመውን ማን ቆረጠው?

የሠርግ ፎቶ ታጥቦ ቤት ሲገባ ዘመድ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰው መቁጠር ነው። «እትዬስ የታሉ? ያ ልጅስ?» ይባላል። ስልኩ ላይ አሉ። ወረቀቱ ላይ ግን የሉም፤ ቢበዛ ግማሽ ትከሻ ቀርቷል። ፎቶ ቤቱ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ «ማሽኑ ነው የቆረጠው።»

ማሽኑ አልቆረጠም። የቆረጠው ሰው ነው፤ ሳያይ ያለፈ ሰው።

ነገሩ የሒሳብ ነው። 10 በ15 የሚባለው ወረቀት የፊልም ዘመን ልክ ነው። የፊልም ካሜራ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ላይ ያነሳ ስለነበር ፊልሙና ወረቀቱ 3 ለ2 ሆነው ልክ ለልክ ይገጥሙ ነበር። የዛሬ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3 ያነሳል፤ ስክሪኑን ይሙላ ተብሎ በ16 ለ9 የሚነሳውም ብዙ ነው። በ4 ለ3 የተነሳ የቡድን ፎቶ 10 በ15 ወረቀት እንዲሞላ ሲደረግ ከቁመቱ ከዘጠኝ እጅ አንዱ ይሄዳል፤ ከኋላ የቆመው ራሱን፣ ከፊት መሬት ላይ የተቀመጠው ሕፃን እግሩን ያጣል። በ16 ለ9 የተነሳው ለፍሬም ተብሎ 20 በ25 ሲሆን ደግሞ ከጎንና ከጎኑ 30 በመቶ ያህሉ ይቆረጣል። አሥር ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ከነበረ የሦስት ሰው ቦታ ሄደ ማለት ነው።

ዳር የሚቆመውስ ማን ነው? ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ መሐል ናቸው፤ እነሱን የሚነካ የለም። ዳር የሚቆመው ከገጠር በእግሩ የመጣው አጎት ነው። ወጥ ስታወጣ ቆይታ በመጨረሻ የተጠራችው አክስት ናት። ሌላ ፎቶ የሌለው ሰው ነው። ያ ሰው ነገ ቢሞት ለለቅሶው የሚፈለገው መልኩ የነበረው እዚያው የተጣለው ጠርዝ ላይ ነው።

እብናት ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ከትልልቆቹ የእርዳታ መጠለያዎች አንዱ እዚህ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመጠለያው በግዴታ እንዲለቅ ተደርጓል። የዚያ ዘመን የረሃብ ምስል ዓለምን ዞሯል፤ ከተነሳው ሰው ብዙው ግን ቅጂ የደረሰው አይመስልም። ያኔ ልጅ ከነበሩት ስንቱ ነው ዛሬ የእናቱን መልክ ለልጁ የሚያሳይበት ወረቀት ያለው? ይህን ያየ አገር የቤተሰብ ፎቶ ላይ መቀስ ሲያሳርፍ ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

ፎቶ ቤቶችም ምክንያት አላቸው። መብራት በመጣበት ሰዓት የተከማቸ ሥራ ይጨርሳሉ፤ ወረቀትና ቀለም ተወዷል። ግን ሳይቆርጡ ማጠብ ተጨማሪ ወረቀት አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ ፎቶ ሲታተም «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የምትል ሳጥን አለች፤ ሳይነኳት ምልክት ተደርጎባት ትመጣለች። ስሟ ታሳስታለች፤ ወረቀቱን ሞልታ የተረፈውን የምትቆርጠው እሷ ናት። ምልክቱን ማንሳት አንድ ጠቅታ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ይገባል፤ 10 በ15 ወረቀት ላይ በጠርዙ በጠቅላላው 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነጭ ይቀራል።

«ደንበኛ ነጭ ጠርዝ አይወድም» ይባላል። ደንበኛው መቼ ተጠየቀ? «ነጭ ጠርዝ ይሻልሃል ወይስ አጎትህ ይውጣ?» ተብሎ አጎቱን የሚያስወጣ ካለ ይታይ። ያ ነጭ ቦታ ደግሞ ስምና ቀን ይጻፍበታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ «ይሄ ማን ነበር?» ለሚል የልጅ ልጅ መልስ ይሆናል። ነጩን የሚጠላም መፍትሔ አለው፦ 15 በ20 እና 30 በ40 ልክ 4 ለ3 ናቸው፤ ከስልኩ ፎቶ ጋር ያለ መቀስ ይገጥማሉ።

ጥፋቱ የፎቶ ቤት ብቻም አይደለም። አንሺው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል፣ ዳርና ዳር ትንሽ ቦታ ቢተው፣ ስልኩን 4 ለ3 ላይ ቢያደርግ ግማሹ ችግር አይኖርም። አሳጣቢውም ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክ በፋይል ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱን አጥቶ ነው የሚደርሰው።

ጉርድ ፎቶ የሚባል ነገር አለ፤ ለመታወቂያ ነው፣ እዚያ ሰው ከደረቱ በታች ይጎረዳል፣ ማንም አይቀየምም። የቤተሰብ ፎቶ ግን ጉርድ አይደለም።

ስለዚህ ፎቶ የምታሳጥቡ ሁሉ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ ስልኩን ክፈቱና ሰው ቁጠሩ። ከስልኩ 14 ሆኖ ከወረቀቱ 12 ከሆነ ፎቶው አልታጠበም። መልሱት።